የእንዳሎ ቀለበት

«እማ፣ እኛ የት ነን?»

አዝመራ ይህን የጠየቀችው በሠርዳም ቤተ መንግሥት፣ በብራና ቤት ውስጥ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በተዘረጋ የቆዳ ካርታ ፊት ቆማ ነው። እናቷ ትርንጎ ልጇ ወደምታይበት አየች። ቀለበት በቀለበት ውስጥ፣ እሱም በሌላ ቀለበት ውስጥ ተስሎ፣ መካከሉ ላይ ሰማያዊ ዓይን የመሰለ ነገር ተኝቷል። በመስመሮቹ ዳር ጽሑፍ ነበረ። ለትርንጎ ግን ፊደሉና ጌጡ፣ መስመሩና ስሙ ሁሉም አንድ ነበር፤ ቀለም የነካው ጉንዳን የተርመሰመሰበት ቆዳ መሰላት። ልጇ በዚያ ሁሉ መካከል የት እንዳለች፣ እሷስ ከልጇ ምን ያህል ርቃ እንደቆመች መናገር አልቻለችም። ስለዚህ እናቶች መልስ ሲያጡ የሚያደርጉትን አደረገች፤ የልጇን ነጠላ አስተካከለችና «ዝም በይ፣ ሰው ይሰማናል» አለቻት።

ወደዚያ ቤት ያመጣቸው የምሰሶ ልቅሶ ነበር።

በንግሥት አዜባ አዳራሽ መካከል አንድ ታላቅ ምሰሶ ቆሟል። የንግሥቲቱ አያት ንጉሥ አግማስ ከዋግሞር ተራራ ደን አስቆርጦ ያስመጣው ነው፤ ዙሪያውን ለማቀፍ የብዙ ጎበዝ ክንድ ተቀጣጥሎ አይበቃውም ይባል ነበር። ያ ዕድሜ ልኩን ደርቆ የኖረ እንጨት በታላቁ ግብር ቀን፣ መኳንንቱ ሁሉ በየማዕረጋቸው ተቀምጠው ሳለ፣ ውሃ ማውጣት ጀመረ። ጠብ፣ ጠብ አለ። አንዱ አሳላፊ በጣቱ ነክቶ ቀመሰውና ፊቱ ተለወጠ። የእንዳሎ ሐይቅ ውሃ ነው። በሠርዳም ተወልዶ የእንዳሎን ጣዕም የሚስት ሰው የለም።

እንዳሎ ደግሞ እየሞተ ነበር። በዋግሞር ተራራ እቅፍ የተኛው ያ ሐይቅ ከዓመት ዓመት ከዳሩ እየሸሸ፣ በዙሪያው ያለው ደን ቆሞ እየደረቀ፣ ከተራራው እግር የሚፈልቁት ምንጮች እየቀጠኑ መጡ። በሜዳው የሚኖረው ሕዝብ ከጉድጓድ ጭቃ እየጨመቀ ይጠጣ ጀመር። ከትርንጎ ባሏንና ሁለት ትንንሽ ልጆቿን የነጠቃት ያ ጭቃ ነው። የቀረቻት አዝመራ ብቻ ናት። ከዚያ ወዲህ የትርንጎ እጅ መንቀጥቀጥ አልተወም። ልጇ ስታስነጥስ ይንቀጠቀጣል፤ ልጇ ስትስቅም ይንቀጠቀጣል።

ደኑን የሚያደርቀው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ላሾ ይሉታል። ዓይን የለውም፤ ቆዳው የአመድ ቀለም ነው፤ ሲተኛ ጉብታ ይመስላል። ያለው ምላስ ነው። የላሰው ምንጭ አይመለስም፤ የላሰው ዛፍ አያቆጠቁጥም። የጥንት ሰዎች እሱን ከዋግሞር ያገዱት በጦር አልነበረም፤ በመስመር እንጂ። አንድ ሰው የሐይቁን ውሃ በእንጨት ገበቴ እስከ አፉ ሞልቶ ይይዛል። ከዚያ ሳይወጣና ሳይወርድ፣ ውሃው ወደ አንድ ወገን ሳያዘነብል፣ በአንድ ከፍታ ላይ ተራራውን ይዞራል። መንገዱ ዞሮ ከተነሳበት ቦታ ሲገጥም ቀለበት ይሆናል፤ ያንንም ቀለበት ላሾ አይሻገረውም። ይህን የሚሠሩትን ሰዎች ውሃ ልክ ይሏቸዋል። የእነሱን መንገድ የብራና ቤት አለቆች በካርታ ላይ ይስሉታል። እንግዲህ በዚያ ቆዳ ላይ ያለው እያንዳንዱ ቀለበት አንድ ሰው በእግሩ የዞረው ነው።

አሁን ግን የታችኛው፣ ደኑን በሙሉ የሚያቅፈው ታላቁ ቀለበት፣ በብራናው ላይ እየደበዘዘ ነበር። ሁለት ጊዜ ዳግመኛ ተዙሯል፤ የመጨረሻው ዟሪ የአዝመራ አባት ነበር። ቀለሙ ግን አልያዘም፤ ላሾም መግባቱን አልተወም።

ንግሥቲቱ በሚያለቅሰው ምሰሶ ሥር ቆመው አዋጅ ተናገሩ። «ታላቁን ቀለበት የሚዞር፣ እጁ የማይናወጥ ሰው እፈልጋለሁ። ጌታ ይሁን ሎሌ፣ ወንድ ይሁን ሴት አልጠይቅም። እጁን ብቻ አያለሁ።»

የመኳንንት ልጆች ገበቴ ተሸክመው አዳራሹን ሊያቋርጡ ሞከሩ። በጆሯቸው ሥር ከበሮ ሲመታ፣ በእግራቸው መካከል ውሻ ሲለቀቅ፣ ምንጣፉን አረጠቡት። አዝመራ የአባቷን አሮጌ ገበቴ ይዛ ገባች። ከበሮው ተመታ፤ ውሻው ተለቀቀ፤ ጠብታ አልወደቀም። ከንግሥቲቱ ፊት ደርሳ ገበቴውን ሳታወርድ ማለች።

«በእንዳሎ ውሃ እምላለሁ፤ በዋግሞር ራስ እምላለሁ። ቀለበቱ እስኪገጥም ድረስ ገበቴው ለሌላ አይተላለፍም፤ እግሬም ከልኩ አይወጣም።»

ትርንጎ እጇን በነጠላዋ ውስጥ ሸሸገች። እናትየው ከቤት ትቅር ቢባል፣ አስረው ቢያስቀምጧት እንኳ ገመዱን ጎትታ እንደምትከተል ተናገረች። ንግሥቲቱም የሰው ፊት አንባቢ ነበሩና አልተከራከሯትም።

አራት ሆነው ወጡ። ከእናትና ልጅ ሌላ የብራና ቤቱ አለቃ ዝክሬ ሦስቱን የዋግሞር ካርታዎች በበቅሎ ጭነው መጡ፤ ከዘብ ደግሞ ድልነሳ የሚባል ጎልማሳ ጦሩን ይዞ ተከተለ። ድልነሳ ሠርጉ ከመከር በኋላ ነው። የሙሽራይቱን ቁመት፣ የአማቱን ንፍገት፣ የሚታረደውን ሰንጋ ቀለም ከከተማው በር ሳይወጡ ጀምሮ ያወራ ነበር። የትርንጎን እጅ አይቶም ዝም አላለም። «እትዬ ትርንጎ ገበቴውን ቢይዙልን ኖሮ ለድርቁ ይህን ያህል አንጨነቅም ነበር፤ የረገጡት ሁሉ ረግረግ ይሆናል» አለ። ትርንጎ ሳቀች። ከብዙ ጊዜ በኋላ የሳቀችው ያን ቀን ነው።

ወደ ተራራው ገቡ። ዛፎቹ አልወደቁም፤ ቆመው ሞተዋል። ቅርፊታቸው ተልጦ፣ ቅርንጫፋቸው ባዶውን ወደ ሰማይ ተዘርግቶ፣ ዝናብ እንደሚለምን የሰው እጅ መስሏል። ወፍ የለም። ነፋስ ሲነፍስ ደኑ እንደ ሸንበቆ አጥር ይንኳኳል።

ምሳ ሰዓት ላይ አለቃ ዝክሬ ካርታዎቹን በድንጋይ ላይ ዘረጉ። በጥንቱ ካርታ ላይ አረንጓዴው ቀለም ከተራራው ጫፍ እስከ ሜዳው ይወርዳል። በንጉሥ አግማስ ዘመን በተሳለው ላይ እስከ ወገቡ ብቻ ነው። በንግሥቲቱ አባት ዘመን በተሳለው ላይ ደግሞ አረንጓዴው በሐይቁ ዙሪያ ቆብ ያህል ቀርቷል።

«ተራራው እንደ አለቃ ራስ እየተመለጠ ሄዷል» አለ ድልነሳ።

«የእኔ በንባብ ነው የተመለጠው» አሉ አለቃ። «አንተ ፀጉርህ ሙሉ የሆነው ለዚህ ነው።»

ትርንጎ ግን ጥንታዊው ካርታ ላይ አጎንብሳ ቀረች። በእያንዳንዱ ቀለበት ላይ፣ አንድ ቦታ፣ የጥፍር ያህል ትንሽ ዛፍ ተስላለች። ከሥሯም ደቃቅ ጽሑፍ አለ። በኋለኞቹ ካርታዎች ላይ ያቺ ዛፍ የለችም። ይህች ፊደል ምን ትባላለች ብላ አለቃን ጠየቀቻቸው። አለቃ አልሳቁባትም፤ ቸር ሰው ነበሩ። ፊደል ሳይሆን ጌጥ እንደሆነ፣ ከሥሯ ያለውም የሠዓሊው ስም እንደሚሆን አስረዷት። ንጉሥ አግማስ ከእሱ ስም በቀር የማንም ስም በካርታ ላይ እንዳይጻፍ ባዘዘ ጊዜ ስሞቹ ቀሩ፤ ስሙ ከቀረ ደግሞ ጌጡ ለብቻው ምን ያደርጋል ተብሎ እሱም ተተወ። ትርንጎ አመነቻቸው። የተማረ ሰው ነግሯት ለምን አታምን።

በዚያው ዕረፍት ላይ አዝመራ በአመድ ላይ በእንጨት ፊደል ጻፈችላት። «ይቺ አ ናት፤ የስሜ መጀመሪያ። ጻፊያት።»

ትርንጎ ጻፈች።

«እማ፣ ያንቺ አ አንካሳ ናት።»

«አንካሳም ብትሆን ቤቷ ትደርሳለች» አለች ትርንጎ።

ከዚያ በኋላ ባረፉ ቁጥር አንዳንድ ፊደል ትለምድ ጀመር። መንገድ ላይም ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ድልነሳ ጸሎት መስሎት ለእሱም እንድትጨምርለት ለመናት፤ እሷም በፊደሎቹ መካከል እውነተኛ ጸሎት ጨመረችለት።

ሐይቁ ዘንድ ለመድረስ ላይኞቹን ሁለት ቀለበቶች ማለፍ ነበረባቸው። የመጀመሪያው ላይ ሲደርሱ በቅሎዋ እንኳ ቆመች። ከመስመሩ ወዲህ ያለው አፈር አመድ ነው፤ ከመስመሩ ወዲያ ሣር፣ ሐረግ፣ የወፍ ድምፅ። በመስመሩ ላይ ደግሞ አንድ ዝግባ ቆሟል፤ ቅርንጫፉን ግራና ቀኝ ዘርግቶ በር የሚዘጋ ሰው ይመስል ነበር። አለቃ ጥንታዊውን ካርታ ገልጠው አዩና ተገረሙ። ትንሿ ዛፍ የተሳለችው እዚሁ ቦታ ላይ ነው።

ትርንጎ እጇን በግንዱ ላይ አሳረፈች። በግንዱ ወገብ ላይ፣ እንጨቱ አድጎ ግማሹን የዋጠው ገበቴ ከንፈሩ ወጥቶ ይታያል። በውስጡ ውሃ ነበረ። ውሃው ልክ ነበር፤ ወዴትም አላዘነበለም። በሁለተኛው ቀለበት ላይም እንደዚያው ሆነ። ዝግባ፤ በዝግባው ወገብ ገበቴ፤ በገበቴው ውሃ።

ሌሎቹ በቅሎዋን ሲያጠጡ ትርንጎ ካርታው አጠገብ ቁጭ አለች። ጣቷን ከትንሿ ዛፍ ሥር አደረገች። የምታውቃቸውን ፊደሎች ከማታውቃቸው እየለየች፣ እንደ ምስር እየለቀመች አነበበች። ስም ነው። ባዜ ይላል። በሌላው ሥር ደግሞ ጽጌ ይላል። ለመጀመሪያ ጊዜ በዕድሜዋ ማንም ሳያግዛት ቃል አነበበች፤ ያነበበችውም ልቧን አቆመው። የሣለ ሰው ስም አይደለም። የዞረ ሰው ስም ነው። ቀለበት የሚገጥመው የዞረው ሰው ገበቴውን እንደያዘ ዝግባ ሆኖ ሲቀርበት ነው። የኋለኞቹ ውሃ ልኮች ይህን የነገራቸው አልነበረም። ዞረው፣ ገበቴያቸውን ደፍተው፣ ወደ ሚስታቸውና ወደ ልጃቸው ተመለሱ፤ የእሷም ባል እንዲሁ። አለቆችም ክፍተቱን በቀለም ዘጉት።

ለማንም አልተናገረችም። ልጇን ለብቻዋ ጠርታ ራሷን እንደሚያማት፣ እግሯ እንደዛለ፣ ወደ ቤት ቢመለሱ ንግሥቲቱም እንደማይቀየሙ ነገረቻት። አዝመራ የእናቷን ግንባር ዳሰሰች። ትኩሳት እንደሌላት፣ በሶ በውሃ በጥብጣ እንደምትሰጣት፣ ከፈለገች እዚሁ በአረንጓዴው ጥላ ሥር ልትጠብቃቸው እንደምትችል በለሆሳስ መለሰችላት። ዓይኗን ግን ከዝግባው ላይ አላነሳችም።

ያን ጊዜ ትርንጎ በልቧ ወሰነች። ዙሪያውን ልጄ ትዙር፤ የመጨረሻዋን እርምጃ ግን እኔ እረግጣለሁ አለች።

ከእንዳሎ ገበቴውን ሞልተው ወረዱ። ታላቁ ቀለበት የሚጀምረውና የሚያልቀው በጥንቱ ካርታ ላይ ሦስተኛዋ ትንሽ ዛፍ ከተሳለችበት ነው። እዚያ ሲደርሱ ያገኙት ዛፍ ሳይሆን ጉቶ ነበር፤ አውድማ የሚያህል ጉቶ፣ የመጥረቢያ ጠባሳ ያለበት። ከሥሩ የተሰነጠቀ ገበቴ በአፈር ተሞልቶ ተጋድሟል። አለቃ ዝክሬ ጉቶውን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ የንግሥቲቱን አዳራሽ ምሰሶ ውፍረት በእጃቸው አየር ላይ ለኩ፤ እጃቸውም አየር ላይ እንዳለ ቀረ። ፊታቸውም አመድ መሰለ።

አዝመራ ጉዞውን ጀመረች። ዓይኗ በገበቴው ከንፈርና በውሃው መካከል ነበር፤ እግሯ መንገዱን በራሱ ያውቀዋል። ሸለቆ ሲመጣ ወደ ሸለቆው ታጥፋ ትገባለች፤ ሸንተረር ሲመጣ ሸንተረሩን ተከትላ ትዞራለች፤ መውጣትና መውረድ ግን የለም። ስታርፍ ገበቴውን በመስመሩ ላይ በድንጋይ ታስቀምጠዋለች፤ ከእሷ በቀር የሚነካው የለም። ከኋላዋ በረገጠችው ላይ ሣር ያቆጠቁጥ ነበር፤ እንደ ክር የቀጠነ አረንጓዴ። ከመስመሩ በታች ደግሞ ላሾ ተከተላቸው። አይቸኩልም። የሚሰማው ድምፁ ብቻ ነው፤ ደረቅ ቅጠል በደረቅ ድንጋይ ላይ ሲጎተት የመሰለ።

ትርንጎ ከልጇ ኋላ ትሄዳለች። ልጇ ድንጋይ ብታንቀሳቅስ ትንፋሿን ትይዛለች። ገደል ሲመጣ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ከዚያ ሳታየው ልጇ የወደቀች ይመስላትና ትገልጠዋለች። ድልነሳ ስለ ሠርጉ ማውራት ትቷል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሙሽራይቱ ስትስቅ አፏን በእጇ እንደምትሸፍን ነገራት፤ ያን መሸፈን ሊያስተዋት እንዳሰበም ነገራት።

ቀለበቱ ሊገጥም ጉቶው ከሩቅ ሲታይ፣ ላሾ ቀድሟቸው ጉቶው አጠገብ ክፍተቱ ላይ ተጋድሞ ነበር።

ድልነሳ ማንንም ሳይጠይቅ ጦሩን አስተካክሎ ሮጠ። ከብረቱ ይልቅ ጩኸቱ አውሬውን ከክፍተቱ አስነሳው። ጦሩ በአመድ ቆዳ ውስጥ ገብቶ ቀረ፤ ላሾ ግን በምላሱ የሰውየውን የሁለት እግሮች ውሃ ወሰደ። ድልነሳ ወደቀ። እግሮቹ እንደ ማገዶ ደርቀዋል። ወድቆም ጦሩን አልለቀቀም፤ አውሬውን ወደ ራሱ እየሳበ ከጉቶው አራቀው።

ትርንጎ ያን ጊዜ ከልጇ ፊት ቆመች። እጇን ዘረጋች።

«ስጪኝ» አለች።

አዝመራ እናቷን አየች። «አውቀሻል ማለት ነው።»

«አንብቤዋለሁ። በራሴ።»

«እኔ ከመጀመሪያው ዝግባ ጀምሮ አውቄያለሁ። አንቺ እንዳትሰሚ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

«እኔም አንቺ እንዳትሰሚ ብዬ ነው። ስጪኝ ልጄ። እኔ ኖሬያለሁ።»

«ምያለሁ እኮ፣ እማ። ለሌላ አይተላለፍም ብያለሁ።»

ትርንጎ ገበቴውን ከልጇ እጅ ወሰደችው። በሙሉ ልቧ ያዘችው። እጇን በእንባ ለመነችው፤ በባሏ መቃብር፣ በሁለቱ ልጆቿ ስም ለመነችው። እጇ ግን ተንቀጠቀጠ። ውሃው አዘነበለ፤ አንድ ጊዜ ፈሰሰ፤ ሁለተኛም ፈሰሰ። ከኋላቸው የበቀለው አረንጓዴ ክር ከጫፉ ጀምሮ ይቃጠል ጀመር። ላሾም ጠብታው የወደቀበትን ሰምቶ ከድልነሳ ላይ ራሱን አዞረ። በሜዳው ላይ፣ ከሩቅ፣ የመንደሮች ጭስ ይታያል። በእያንዳንዱ ጭስ ሥር ልጁን ጭቃ የሚያጠጣ ሰው አለ።

እናቲቱ አንድ እርምጃ ሞከረች። ሌላ ጠብታ ወደቀ።

«እማ» አለች አዝመራ። ድምፅዋ ፊደል ስታስተምራት እንደነበረው ነበር፤ አልቸኮለም። «አታፍሰሽው። መልሽልኝ።»

ትርንጎ መለሰችላት። ማንም አልነጠቃትም። በሁለት እጇ፣ እንግዳ እንደምታስተናግድ ሴት ዝቅ ብላ፣ ገበቴውን ለልጇ ሰጠች።

አዝመራ ጉቶው ላይ ወጣች። ወደ እናቷ ዞራ ቆመች፤ ገበቴውን በወገቧ ልክ ያዘችው፤ ውሃውም ረጋ። መጀመሪያ እግሯ አፈር ያዘ። ከዚያ ቅርፊት እንደ ቀሚስ ጠርዝ ቀስ ብሎ ወጣ። እንደማያማት ለእናቷ ነገረቻት፤ እውነት ይሁን ለእናቷ ብላ ይሁን ማንም አላወቀም። በመጨረሻ የተሸፈነው ፊቷ ነበር፤ ትርንጎም እስከ መጨረሻው ዓይኗን አልጨፈነችም።

ቀለበቱ ገጠመ። ላሾ መስመሩ ላይ እንዳለ ቆመ፤ ከዚያ እንደ ተበተነ የምድጃ አመድ ረገፈ። ከተራራው ሆድ ውስጥ ውሃ ሲንቀሳቀስ ተሰማ። በሞቱት ዛፎች ላይ መጀመሪያ እርጥበት፣ ቀጥሎ አረንጓዴ ነጥብ ታየ። ዝናቡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አራት ሆነው ከከተማ የወጡት ሰዎች በአንድ ለጋ ዝግባ ሥር ሦስት ሆነው ተጠለሉ።

አለቃ ዝክሬ ብራናውን ገልጠው ብዕራቸውን በቀለም ነከሩ፤ ሊጽፉ ግን አልቻሉም። «ጌጥ መስሎኝ ነበር፣ እመት ትርንጎ» አሉና አለቀሱ። እሷም ለእሳቸው የሚሆን ክፉ ቃል አልነበራትም፤ እሷም አምናቸው ነበርና። ብዕሩን ከእጃቸው ተቀበለች። በታላቁ ቀለበት ላይ፣ መስመሩ በሚገጥምበት፣ የጥፍር ያህል ዛፍ ሣለች። ከሥሯ ጻፈች፤ አ፣ ዝ፣ መ፣ ራ። አ አንካሳ ነበረች። እጇ ግን አልተንቀጠቀጠም። የምትፈራለት አልቀረም ነበርና።

ጣቷን በቀለሙ አጠገብ አሳረፈች። «አንቺ እዚህ ነሽ» አለች ወደ ዝግባው ቀና ብላ። እኛ እዚህ ነን ማለት ግን አልሆነላትም።

በዝግባው ሥር መሞት ትፈልግ ነበር፤ አልተፈቀደላትም። ስሙ በብራና ቤት ካልተሰቀለ፣ ትንሿ ዛፍ ምን እንደሆነች ለንግሥቲቱና ከእሳቸው በኋላ ለሚነግሡት ካልተነገረ፣ አንድ ቀን አንድ ንጉሥ ለአዳራሹ ምሰሶ ያምረዋል። ያን የሚያለቅሰውንም ምሰሶ አውርዶ በክብር የሚቀብረው ሰው ያስፈልጋል። ከዚያም ልጆች ፊደል ሲማሩ የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋል።

ድልነሳን በበቅሎዋ ሊጭኑት ፈለጉ፤ እሱ ግን እንቢ አለ። የደረቀ እግር ይዞ ሠርግ እንደማይገባ፣ ዝግባዋ ገና ለጋ ስለሆነች ፍየል እንኳ ቢመጣ የሚያባርርላት ሰው እንደሚያስፈልጋት ተናገረ። ጦሩን ከግንዱ አጠገብ ተከለው። «ለዚያች ልጅ አትጠብቂው በሏት» አለ። ትንሽ ቆይቶም፣ «ስትስቅ አፏን አትሸፍን በሏት» አለ።

ትርንጎ ነጠላዋን አውልቃ በዝግባው ግንድ ዙሪያ አሰረችው፤ ብርድ እንዳይነካት እንደምታደርግላት ሁሉ ጫፉን አስተካከለች። ከዚያ ብራናውን በደረቷ አቅፋ ቁልቁለቱን ወረደች።

አዝመራ ቀረች። ድልነሳም አብሯት ቀረ። አለቃ ዝክሬ ሄዱ፤ እናቲቱም ሄደች።